ሦስት ጭረት

ሰው ፀሐይ የሚሞቀው ለጤናው ነው አይደል? እኛ ቤት ባትሪ ድንጋይም ይሞቃል። የሰዓቱ፣ የሪሞቱ፣ የማውሱ ድንጋይ ሲደክም መስኮት ላይ አሰጣዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። አትሳቁ፣ እናንተም በጥርሳችሁ የነከሳችሁበት ጊዜ ነበር። እኔማ ሥርዓት አለኝ፤ አንዴ በሞቀ ቁጥር ገላው ላይ በእስክሪብቶ አንድ ጭረት አደርግበታለሁ።

ታዲያ ዘይነባ ማውሴን ተዋሰችኝ። ዘይነባ እዚሁ ጎፋ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤቴ ናት፤ የሷ ተበላሽቶባት ነው። በሦስተኛው ቀን አመስግና መለሰችልኝ፣ እኔም መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከወር በኋላ ባወጣው በድን ሆኗል። ከሷ በኋላ ማን ነካው? ማንም! ክፉ አልተናገርኳትም፣ እንዲያው ሰላምታዬን አሳጠርኩባት። ድሮ ስለ ልጆቿ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳልጠይቅ አላልፍም ነበር። አሁን አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ እብስ። ሳምንት ሙሉ።

ቅዳሜ ልጥለው ስል እስቲ ሆዱን ልየው ብዬ ከፈትኩት። ድንጋዮቹ አፍስሰው፣ ሞላውና ቆርቆሮው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል። ድንጋዮቹን አገላብጬ ሳይ ምን አለባቸው? ሦስት ሦስት ጭረት። የራሴ እጅ! አፈርኩ፣ የእውነት አፈርኩ። ድንጋይ ላድን ብዬ ማውሴንም ጎረቤቴንም ላጣ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

የጆሮ ጥጥ አቼቶ ነክሬ ዱቄቱን ቀስ እያልኩ ጠረግኩት። ፍሽ እያለ ለቀቀ። በጨርቅ አደረቅኩትና አዲስ ድንጋይ ሳደርግበት ቀዩ መብራት ቦግ አለ።

ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች። «ውይ ጋሼ፣ ምን አጥፍቼባቸው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነበር እኮ!» አለችኝ። ከዚያ ቀጠለችና፣ ማውሱ ገና ስትወስደው አልሠራ ብሏት አዲስ ድንጋይ ገዝታ እንደተጠቀመችበት ነገረችኝ። አዲሱ ታዲያ የት ገባ? አልኳት።

«ስመልስ አወጣሁት እንጂ! የሰው ዕቃ አደራ ነው፣ እንደነበረ ነው የሚመለሰው። ደግሞ ጭረት ሳይባቸው ምልክት ያደረጉባቸው ውድ ነገር መስሎኝ፣ ወላሂ በሶፍት ጠቅልዬ ነው ያቆየሁልዎት።»

«የሰው ዕቃ እንደነበረ ይመለሳል» እያልኩ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ወደ ቤቴ ስመለስ የማስበው ሌላ ነበር፤ ምን ነበረበት እነዚያን ድንጋዮች ብትሰርቀኝ!