ጋሽ ውጤትና የኋላ ማርሽ

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተዘመዱ ማንም ያልሾመው አንድ የውጤታማነት ሚኒስትር አይጠፋም። ለኛ ሕንፃ የደረሱን ክቡር ጋሽ ውጤት ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በሳሙና ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪነት ነው፤ ጨርቁን በዘይት ያቆሽሹና ያጥቡታል። ለቀቀ ወይስ አልለቀቀም? ጡረታ ሲወጡ ጥያቄውን ይዘውት ወጡ።

ሐኪም የሳል ሽሮፕ ቢያዝላቸው አንድ ቀን እየጠጡ አንድ ቀን እየተዉ ሳላቸውን ሲያወዳድሩ ሰነበቱ። የልጅ ልጃቸው አስተማሪ በወላጆች ስብሰባ ላይ "ምዕራፉን በሙሉ ሸፍነናል" ቢል፣ "የሸፈናችሁትን ተወው ልጄ፤ ልጆቹ የገባቸውን ንገረኝ" አሉት። የሕንፃው ኮሚቴ ስለተቃጠለው የደረጃ አምፖል ሊወያይ ሲቀመጥ፣ ሰብሳቢው መክፈቻ ንግግሩን ሳይጨርስ ወጥተው ቀይረውት ተመለሱ። ዕቃ አድራሹ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ የጎረቤት ዕቃ በስህተት ሲያስረክባቸውማ፣ "ቅልጥፍናህ ግሩም ነው፤ ውጤታማነት ግን የሚኖረው ከላይኛው ፎቅ ነው" ብለው ሸኙት።

እኔ ደግሞ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቄ ተቀምጫለሁ። ዳቦ ቤቱ አከፋፋይ ሹፌር አድርጎ ሊቀጥረኝ ቃል ገብቷል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ፈቃዱን ካላመጣሁ ግን ቦታው የሌላ ሰው ነው። ጋሽ ውጤት ይህን ሲሰሙ አሮጌ መኪናቸውን ከሕንፃው ጀርባ አወጡ፤ ባልዲዎች ደረደሩና "በመካከላቸው አቁሚ" አሉኝ። በኋላ ማርሽ ስመጣ ባልዲ አይተርፍም። ጠዋት ጠዋት ለፋን፤ ባልዲውም አለቀ፤ ፈተናውንም ደግሜ ወደቅኩ።

ባለቤታቸው በመስኮት ብቅ አሉ። "አንተ ሰውዬ፣ ባልዲዬን እኮ ጨረስከው። ውጤቱስ?"

ጋሽ ውጤት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው" አሉ።

ይህን መልስ ሌላ ሰው ሰጥቷቸው ቢሆን በቁሙ ይቀብሩት ነበር። ለኔ ሲሉ እንዲህ መዋረዳቸው አንጀቴን በላው። በማግስቱ አዲስ ባልዲ ገዝተው ጠበቁኝ።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አለፍኩ፤ ሥራውንም ያዝኩ። በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኔ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ውጤት ናቸው፣ የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው።

"ፈቃዱን አገኘሁ እኮ ጋሽዬ፤ ምን ቀረን?"

"ምንም" አሉ፣ ዓይናቸውን ከዓይኔ እያሸሹ። "እንዲሁ ትንሽ እንዙር ብዬ ነው።"

የት እንደምንሄድ አልጠየቅኳቸውም። ዙረቱ ወዲያው እንዳያልቅብን ዳር ዳሩን ይዤ ቀስ ብዬ ነዳሁ።