ኬኩ ላይ ይሁዳን ፍለጋ

አገር በወታደር ብቻ አይጠበቅም፤ በኬክም ይጠበቃል። ይህን ጥልቅ ቁም ነገር በእንግሊዝ አገር የዮርክሻየሯ ሐርተንቢ መንደር ከማንም ቀድማ ስለተረዳች፣ ሲምነል የሚባለውን የፋሲካ ኬክ የሚመረምር ኮሚቴ አቁማለች። ሰብሳቢው የተከበሩ ሚስተር ካትበርት ፔል ናቸው።

ሕጉ አጭር ነው። በኬኩ ዙሪያ ከለውዝና ከስኳር የተድቦለቦሉ አሥራ አንድ ድብልብሎች ይደረደራሉ፤ እነሱም ሐዋርያት ናቸው። ይሁዳ ስለከዳ ቦታ የለውም። ስኳር ቢበዛ ምሕረት አለ፤ ሐዋርያ ቢበዛ ግን የለም።

የመንደሩን የፋሲካ ማዕድ ለዘመናት ይዞ የኖረው የሰብሳቢው እኅት የሚስ አጋታ ኬክ ነው። ደረቅ ነው የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። እርግጥ አንድ ፋሲካ ላይ ቢላዋ ሰብሯል፤ ይህ ግን የሚያሳየው የባለሙያዋን ጽናት ነው። ሚስተር ፔል የሚኖሩት ከእኅታቸው ጋር፣ የሚበሉትም ከእኅታቸው እጅ ስለሆነ፣ በፍርዳቸው አድልዎ ሊኖር እንደማይችል ለማንም ግልጽ ነው።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ባሏ የሞተባት ሚሲስ ዊኒፍሬድ ኦክሾት ኬኳን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ገባች። «ከመሞቴ በፊት አንድ ፋሲካ እንኳ የኔ ኬክ ማዕዱ ላይ ይዋል» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ኬኩ አፍ ያስከፍታል።

ሚስተር ፔል ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«አሥራ ሁለት!»

«ጉድ! ይሁዳን አቅፋ አመጣችው!» አለች ሚስ አጋታ፣ ደስታዋን በድንጋጤ ሸፍና።

«ማትያስ ነው እንጂ!» አለች ሚሲስ ኦክሾት። «አምና ‹ጌጡ ሳሳ› ብላችሁ አልመለሳችሁኝም? ይኸው አንድ ጨመርኩ። በይሁዳ ምትክ ዕጣ የወጣለት ማትያስ።»

ወጣቱ ቄስ ሮውላንድ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «መጽሐፉም እንዲያው ነው የሚለው።»

«ማትያስ የተመረጠው ከዕርገት በኋላ ነው» አሉ ሚስተር ፔል። «ነገ ገና ትንሣኤ ነው። ሚሲስ ኦክሾት፣ ማትያስዎን ይዘው ከዕርገት በኋላ ይመለሱ።»

«እስከዚያ ይሻግታላ!»

«ሐዋርያት አይሻግቱም።»

ቄሱ ሊያስታርቅ፣ «አንዱን አንስተን ብንገላገልስ?» አለ።

«መልካም። የቱን?» አሉ ሚስተር ፔል።

እዚህ ላይ ሁሉም ኬኩ ላይ አጎነበሱ። ድብልብሎቹ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

«ይኼ ኮሳሳው ነው» አለች ሚስ አጋታ።

«እሱ ታናሹ ያዕቆብ ቢሆንስ?» አለ ቄሱ።

«የተሰነጠቀውስ?» አለች ሚስ አጋታ።

«ቶማስ ነዋ! መጠራጠር አይደል የሰነጠቀው?»

«ኧረ ቀስ በሉ!» ሚስተር ፔል ጠረጴዛውን መቱ። «በስሕተት ጴጥሮስን አውጥተን ብንጥል፣ በኋላ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ማን ሊከፍትልን ነው?»

እናም በሐዋርያት ሥዕል ያጌጠው ትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ ከመቅደሱ እንዲመጣ ተወሰነ። ቄሱ ሄደ፤ ሚስ አጋታ ቄሱን ስለማታምን ተከተለችው፤ ሚሲስ ኦክሾት ባለጉዳይ ናትና ደጅ ላይ እንድትቆይ ታዘዘች። ኬኩን የሚጠብቅ ታማኝ ሰው ሲፈለግ ከሰብሳቢው የተሻለ አልተገኘም።

ሚስተር ፔል በዐቢይ ጾም ጣፋጭ የሚባል አልቀምስም ብለው ነበር፤ ጾም በስውር ነውና ለምእመናኑ በሦስት እሑድ ብቻ አስታወቁ። አሁን ጎንበስ ብለው ድብልብሎቹን አንድ በአንድ መረመሩ። አሸተቱ። ከእኅታቸው እጅ የተነሣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኬክን የሚያውቁት በጥርስ ሕመም ነበር። መልክ ያሳስታል፤ ምርመራም እስከ ጣዕም ካልደረሰ ምርመራ አይባልም። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሦስቱም ሲመለሱ ቄሱ ቆጥሮ ክው አለ። «አሥራ አንድ! ከመካከላችን አንዱ በልቶታል።»

«እኔ እሆንን?» አለች ሚስ አጋታ ፈጥና።

«እኔ እሆንን?» አለ ቄሱም፣ ከልማድ የተነሣ።

ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

«እኔ... እሆንን?» አሉ ሚስተር ፔል፤ ከጢማቸው የስኳር ብናኝ ረገፈ።

መንገዱ ሁለት ነበር፤ ወይ የጠፋውን መፈለግ፣ ወይ ኬኩን ማሳለፍ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኮሚቴው ባደረገው ጥልቅ ምርመራ ይሁዳ ተለይቶ ያለ አንዳች ሁከት ተወግዷል። ኬኩ ሕጉን ያሟላል።»

«ካትበርት!» ጮኸች ሚስ አጋታ። «እራትህን የሚሠራልህ ፈልግ!»

ሚሲስ ኦክሾት ጠጋ ብላ መሐረቧን ዘረጋችላቸው። «ጢምዎን ይጥረጉ። እኔ ኬኩ ላይ ይሁዳን አላስቀመጥኩም ነበር ሚስተር ፔል። እሱ በእግሩ መጣ።»

በማግስቱ ኬኳ በማዕዱ መካከል ዋለ። ስትቆርስ የመጀመሪያውን ቍራሽ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ለሰብሳቢው ሰጠች። «ይቀበሉኝ፤ ይሁዳም ቢሆን ከጌታ እጅ ቍራሹን አልተከለከለም።»

ሚስተር ፔል አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ከዚያም፣ ለምርመራ ያህል፣ ሁለተኛ ጠየቁ።