ከአንካሳ ጋር የተቋጠረው ሹም

የሰው ሕመም የማይታየው ሹም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን እዚሁ የካ አውቀዋለሁ። ለቆሰሉ ወታደሮች ቀለብ የሚሰፍር የጎተራ ሹም ነው። ቆሞ የመጣውን «ድነሃል» ይለዋል፤ ተኝቶ የቀረውን ደግሞ «ሰነፍ ነው» ይለዋል። ታዲያ የእኛ ሰው መቼ ይታመም?

ጎረቤቴ አያ ጎሹ ጉልበቱን ጥይት የመታው ወታደር ነው። እሱም «ድነሃል» ተባለና የአምስት ልጆቹ እህል ተከለከለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም «ከሹም አትጣላ» ብዬ መክሬው ነበር። ምክሬ የፈሪ ምክር ነበርና አልሰማኝም። ሹሙን ገበያ መሐል «በሕግ አምላክ» ብሎ አቆመው። እንደ አገሩ ሥርዓት የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ፣ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ እንዳይፈታ፣ ጫፍና ጫፉ ተቋጠረ፤ ሁለቱም በእግራቸው ወደ እንጦጦው ዳኛ ጉዞ ጀመሩ። እኔም አፍሬ ተከተልኋቸው።

በቅሎ የለመደ ሹም በአንካሳ እርምጃ ዳገት ሲወጣ አይታችኋል? አያ ጎሹ አሥር እርምጃ ይሄዳል፤ ከዚያ ተቀምጦ ያርፋል። ሹሙም አብሮ ይቀመጣል።

«ፍጠን እንጂ አንተ ሰው።»

«የዳነ ሰው አካሄዱ እንዲህ ነው፣ ጌታዬ።»

እኩለ ቀን ሆነ፤ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነን። ሹሙ መንገደኞችን ጠርቶ «ይህ ሰው እኮ መሄድ አይችልም፤ እባካችሁ ፍቱኝ» አለ።

«ሰማችሁ?» አላቸው አያ ጎሹ።

ሹሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በቃ፣ ቀለብህን ውሰድ» አለው።

«እዚህ የሰጡኝን ነገ ጎተራው ደጅ ይነሡኛል። መሄድ አይችልም ያሉትን ዳኛው ፊት ይድገሙልኝ።»

ቋጠሮውን አጠበቀና እያነከሰ ዳገቱን ቀጠለ።