ዘለቀ መብራት ያጠፋበት ሳምንት

ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ጠብ አብርጃለሁ። ድንበር ተገፋፍተው ዱላ የተማዘዙ ወንድማማቾችን፣ አንዱ ቡሬ አንዱ ፍኖተ ሰላም ቆመው ሲሰዳደቡ የሚደማመጡትን ሁሉ፣ በአንድ ጀንበር አስታርቄያለሁ። የባልና ሚስት ጠብ ግን፣ እናንተም አታጡትም፣ የሚነገረው ሌላ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ስለ ጨው ይነታረካሉ። ጨው ምን አደረገ?

ከቡሬ ወረድ ብሎ ፈታም ወንዝ መሀል አንዲት ደሴት አለች። ደሴት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት በሬ ቢተኛባት ሦስተኛው ቆሞ ያድራል። የሰፈራችን ሰው ተባብሮ እዚያች ላይ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተከለ፤ ጠባቂው ዘለቀ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ መሻገር የለም፤ ዘለቀ እዚያው ይከርማል። ምሳውን ሚስቱ ጥሩዓለም በአገልግል አድርጋ፣ ከዳር እስከ ደሴቱ በተዘረጋው ሽቦ አንጠልጥላ ትልክለታለች።

ታዲያ በሐምሌ አገልግሉ ሳይነካ ተመለሰ። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አገሩ ሁሉ ተከታታይ ፊልሙን ሊያይ ቴሌቪዥን ፊት እንደተኮለኮለ፣ መብራት ድርግም አለ። ፊልሙ የሚያልቅበት ሰዓት ሲደርስ በራ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ።

ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ወረድን። እኔ ለእርቁ ብቻ እንዳልሄድኩ አልደብቃችሁም።

«ዘለቀ፣ ምን በደልንህ?» ብዬ ከዳር ጮህኩ።

«እናንተማ ምን ትበድሉኛላችሁ፣ አባቶቼ! ምሳዬን አሁን ጎረቤት ነው የሚልክልኝ። እሷን ካየኋት ወር አለፈኝ። ፊልም ታያለች አሉ።» ወደ ማመንጫው ጠቆመና፣ «በእኔው መብራት» አለ።

ጥሩዓለምን አስጠራናት።

«ምሳውን እንጂ እኔን ይጠብቃል ብዬ መች አሰብኩ፣ አያ?» አለችኝ። «ሃያ ዓመት ስንኖር አንድ ቀን ናፈቅሽኝ ብሎኝ አያውቅም።»

«አሁንም አላልኩም» አለ ዘለቀ ከማዶ።

ፈረድን። ዘለቀ ፊልሙ እስኪያልቅ ይራብ፤ ጥሩዓለም ደግሞ ምሳውን ራሷ ታምጣ፣ ያየችውንም ትንገረው። ለማን እንዳደላን እናንተው ፍረዱ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጥሩዓለም ወንዙ ዳር ቆማ ትተርክለታለች። ድምጿ ፈታምን ዝም ያሰኛል። ፊልሙን በዓይናችን ያየነውም አንቀርም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የፊልሙ ባል በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሚስቲቱ አርባው ሳይወጣ ሌላ አገባች። በጥሩዓለም አፍ ግን ሰውዬው ዛሬም አለ። ሩቅ አገር ሄዷል እንጂ አልሞተም።

ትናንት ዘለቀ እንጀራውን እየጎረሰ፣ «እሷስ ታስበዋለች?» ሲል ጠየቃት።

«ሞኝ አይደለች፣ ታስበዋለች» አለችው።

እኛ ሽማግሌዎቹ፣ ዘለቀ መቼ ይሻገር ይሆን እያልን፣ የወንዙን ሙላት እንለካለን።