ዶኛ ብራውሊያ በገዛ አንደበታቸው ላይ የዘመቱበት ጾም

አባ ሲሪያኮ በሳን ሌአንድሮ ደብር በተሾሙ በዘጠነኛው ዓመት፣ ወፍጮው አዲስ ሞተር በተተከለለት በሦስተኛው፣ የዶን ኦብዱሊዮ ዓሣማ ከገበያ በመጣ በሰባተኛው ወር፣ ጾሙ በገባበት በአመዱ ረቡዕ፣ እመቤተ ወፍጮ፣ መዋኢተ ልሳን፣ የሴድሮ ሰፈር ግርማ፣ ዶኛ ብራውሊያ በገዛ አንደበታቸው ላይ ክተት አወጁ። የዚህ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ራሱ በእኚህ ሴት «ግንባርህ የተቃጠለ ድስት» የተባለ ነውና፣ አድልቶ ጻፈ ብሎ የሚጠረጥረው አይኑር።

የዘመቻው መንስኤ ይህ ነው። በልደት ዕለት ምራታቸው ኖኤሚ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ታማል ሠርታ ብታቀርብ፣ ዶኛ ብራውሊያ በእንግዶች ፊት እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ይሄ ታማል ነው የቤት መሠረት? ልጄን በሠላሳ ዓመቱ ጥርስ አልባ ልታደርጊው ነው?» ኖኤሚም ያን ጊዜውኑ የሦስት ዓመት ልጇን ሉሲላን አቅፋ ከድልድዩ ማዶ ወደ እናቷ ቤት ወረደች፤ ባሏ ቶቢያስም ፍራሹን ተሸክሞ ተከተላት። ከዚያ ወዲህ አያት የልጅ ልጃቸውን አላዩም። ኖኤሚ ከማዶ ሆና የላከችው አዋጅ አጭር ነበር፦ «እስከ ስቅለት ለማንም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ከቆዩ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። አንዲት ቃል ብትወጣ ግን፣ እኔን አያውቁኝም፣ አላውቅዎትም።»

ወእምዝ አባ ሲሪያኮ አመዱን በሕዝቡ ግንባር ሲቀቡ፣ ከሥጋ ብቻ ሳይሆን ከክፉ ቃልም ጹሙ ብለው ሰበኩ፤ ዶኛ ብራውሊያም በጉባኤው መካከል ቆመው ማሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ አባም ሳል ያዛቸው መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

በወፍጮው ደጅ የሆነው ግን ማንም ያልጠበቀው ነው። ድሮ ሴቶቹ ቅቅል በቆሏቸውን ይዘው ሲመጡ ሊጣቸውን ከነስድቡ ይቀበሉ ነበርና፣ ስድቡ ሲቀርባቸው ሊጡ የጎደለ መሰላቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ ክሎቲልዴ ከሰልፉ መካከል እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ኧረ ሴትየዋን ሐኪም ይያቸው! ዛሬ ‹ደህና አደርሽ የኔ እመቤት› አሉኝ እኮ! ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ዳቦዬን አሳረርኩ!» ከዚያ ወዲህ ፀጉር ቆራጩ ከነመቀሱ፣ ልብስ ሰፊው ከነሜትሩ፣ ክሎቲልዴ ከነሁለት እህቶቿ፣ ቃል ታመልጣቸው እንደሆነ ብለው ዶኛ ብራውሊያን በየደረሱበት ይከተሏቸው ጀመር።

ስቅለት ደረሰ። በዚያ አገር የጌታ ምስል በሚያልፍበት መንገድ ላይ በየደጁ ባለቀለም ሰጋቱራ በወንፊት እየተነፋ ምንጣፍ ይሠራል፤ ከምስሉ ተሸካሚዎች በፊት ማንም አይረግጠውም። ዶኛ ብራውሊያ የምንጣፉን ጠርዝ ለማቅናት ገመድ ቢያጡ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፦ «ወንድሜ ኦብዱሊዮ፣ እባክህ፣ ገመድ ካለህ አውሰኝ፣ የኔ ጌታ» አሉ። ኦብዱሊዮ ሃያ ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ዘንድ «አንተ ድንች» ከመባል በቀር ስም አያውቅም ነበርና፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ የለኝም ማለት አቃተው። በቤቱ የነበረችውን አንዲት ገመድ ፈትቶ ሰጣቸው። ከምን ላይ እንደፈታት ግን አልተናገረም።

እኩለ ቀን ሲሆን ምንጣፉ አለቀ። ጠርዙ ሐምራዊ፣ መደቡ አረንጓዴ፣ መካከሉ ላይ ነጭ በግ፣ በአራቱም ማዕዘን አናናስና ጣፋጭ ዳቦ። የከበሮው ድምፅ ከደብሩ ተሰማ፤ ኖኤሚም ሉሲላን በእጇ ይዛ በመንገዱ ጥግ ብቅ አለች።

ወበይእቲ ሰዓት የኦብዱሊዮ ዓሣማ ያለ ገመዱ መጣ። አናናሱን በላ፣ ዳቦውን አስከተለ፣ ጠግቦም በበጉ ላይ ተንከባለለ፤ ሲነሣ አንድ ጎኑ ሐምራዊ አንድ ጎኑ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ፀጉር ቆራጩ የደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት ሳይቆርጥ ትቶ ሮጠ። ጾሙን ሙሉ ታስረው የከረሙት ቃላት በዶኛ ብራውሊያ ጥርሶች ደጃፍ ተሰለፉ፤ «ድንች» ፊታውራሪ፣ «ደነዝ» ቀኝ አዝማች፣ «የተቃጠለ ድስት» ግራ አዝማች ሆነው፣ ከኋላም ብዕር የማይደፍረው ደጀን ነበረ። ኦብዱሊዮ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

እሳቸው ግን በእጃቸው የቀረውን ገመድ አዩ። ሉሲላን አዩ። ሦስት ጊዜ ተነፈሱና ግድግዳ በሚያናውጥ ድምፅ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ወንድሜ ኦብዱሊዮ! ዓሣማህ... ዓሣማህ ደህና ይበላል! እግዚአብሔር ያሳድግልህ!» ክሎቲልዴም ወደ ሰማይ አንጋጣ፦ «አሁን ይሄ ስድብ ነው ምርቃት? አንድ ሰው ይንገረኝ!» ብላ ጮኸች።

ያን ጊዜ ኖኤሚ ጫማዋን አውልቃ ተንበረከከች፣ ወንፊቱንም አነሣች። ሰፈሩ ሁሉ ተከተላት። በአናናሱ ፈንታ ሽንኩርት ተደረደረ፤ በጉም አፍንጫው ትንሽ ከበብ ብሎ ዳግመኛ ተነሣ። ምስሉ ደረሰ፣ ተሸካሚዎቹ እየዘመሩ በላዩ አለፉ፤ ምንጣፉም እንደ ወጉ ጠፋ።

ነገር ግን ታላቁ ጦርነት ገና ነበረ። ከሰልፉ በኋላ በማዕድ ሳሉ ኖኤሚ አቀርቅራ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። የዚያን ዕለቱን ታማል ኋላ እኔም ቀመስኩት። ድንጋይ ነበር። ቶቢያስ ለበር ማቆሚያ አድርጎት፣ ታማሉ እስካሁን በሩን ይዞ ቆሟል።»

ቶቢያስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አላልኩም ወይ!» የምትለው ቃል ወደ ዶኛ ብራውሊያ አፍ ስትገሠግሥ ሁሉም በግልጽ አያት። ከርሷ ጋር ሲተያይ ዓሣማው ምንም አልነበረም፤ እውነት ከእርሳቸው ጋር ነበረችና፣ ምስክሯም ራሷ ተከሳሿ ነበረችና። ዋጧት። እንባቸውም መጣ። ከዚያ ሉሲላን ወደ ጭናቸው ስበው፦ «በር ከያዘማ ጠቅሟል፣ ልጄ። ነገ ነይ፣ ሊጡን አብረን እናቡካ» አሉ።

ከተማ የያዙ ብዙ ናቸው፤ ዓሣማ የታገሡም አይጠፉም። ትክክል ሆና ሳለች ዝም ያለች ግን በሳን ሌአንድሮ ከዚህ ቀደም አልታየችም። ክብር ለመዋኢተ ልሳን፣ ክብር ለእመቤተ ወፍጮ! ጸሐፊውም በማግሥቱ በወፍጮው ደጅ ሲያልፍ «ደህና አደርክ፣ የኔ ቆንጆ» ተብሏልና፣ ይህን ሁሉ የጻፈው ግንባሩን በመስታወት እያየ ነው።