የአቶ ክፍሉ ጠማማ ጡቦች

ጥበብ ባሕር ማዶ ወዳለችው ዴንተን ከተማ የገባችው በአቶ ክፍሉ በኩል መሆኑን ታሪክ እስካሁን በአግባቡ አልመዘገበም። ቢያንስ እኛ እንመዝግበው።

አቶ ክፍሉ የገዙት ቤት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ በእንግሊዞች አሠራር የተገነባ የጡብ ቤት ነው። ጣሪያው እንደ አቀበት ቀጥ ያለ፣ ጭስ ማውጫው ከፊት ለፊት የተገተረ። ጡቦቹ ግን፣ ለመናገርም ያሳፍራል፣ ያረሩ፣ ያበጡና የተንሻፈፉ ነበሩ። የጥንቱ ግንበኛ ለውበት ብሎ ጠማማ ጠማማውን መርጦ ነው የደረደራቸው ይባላል። አቶ ክፍሉ በእንዲህ ያለ ተረት የሚታለሉ ሰው አልነበሩም።

ይባስ ብሎ ለልጃቸው ለቤቴል ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆርጧል። የተንሻፈፈ ግድግዳ ያየ ሽማግሌ ስለ ልጅቱ ምን ሊያስብ ነው?

«ክፍሉ፣ እኔ ይሄን ቤት የወደድኩት በጡቡ ነው» አለች ባለቤታቸው ተዋበች።

«ሶ፣ ሰካራም ነው የሠራላቸው ቢሉንስ?»

ግድግዳውን እንዲለስን ግንበኛው ያፌት ተጠራ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሂስቶሪክ ነው። አንዴ ከቨር ካደረግነው መመለስ የለም፤ ልስኑ ሲነሳ የጡቡን ፊት ይዞ ነው የሚነሳው።»

«ታሪክም ቢሆን ቀጥ ሲል ነው የሚያምረው!» አሉ አቶ ክፍሉ። በድንጋይ ላይ ሊቀረጽ የሚገባው ቃል ነው።

ቤቱ ተለስኖ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ እንደ ተላጨ ጉንጭ ለሰለሰ። ተዋበች ፊት ለፊቱን ላለማየት ሳምንቱን ሙሉ በጓሮ በር ነበር የምትገባው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው አቶ ኃይለ መስቀል ቤቱን ያገኙት መንገዱን ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነው።

«ልጃችን ጡቡ የሚያምር ጥንታዊ ቤት ብሎን ነበር» አሉ። «አባቱማ ከእናንተ እንዳያንስ ብሎ፣ እዚህ ጎረቤት ከተማ ሌዊስቪል የሚያሠራውን አዲስ ቤት በጠማማ ጡብ እያስገነባ ነው። ስፔሻል ኦርደር አድርጎ!»

ከዚያ በኋላ የተባለውን አቶ ክፍሉ አልሰሙም። ቤቴል መፈቀዷን የነገረቻቸው ተዋበች ናት።

በማግስቱ ያፌት ዳግም ተጠራ።

«ጠማማውን መልስልኝ።»

«አይመለስም ብዬዎት ነበር እኮ። ግን ጡብ የሚመስል ፕላስቲክ አለ፣ ከላይ እንለጥፈዋለን።»

«ጠማማ ነው?»

«ኦኬ፣ እንደፈለጉት እናጣምመዋለን።»

ዛሬ ያ ቤት ከሥር ጠማማ ጡብ፣ ከመሐል ቀጥ ያለ ልስን፣ ከላይ ጠማማ ፕላስቲክ ለብሶ ቆሟል። አቶ ክፍሉም እንግዳ በመጣ ቁጥር ፕላስቲኩን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «አይ የጥንት ሰው!» ይላሉ በሐዘኔታ። «ይሄ ቤት ታሪክ በማያውቅ ሰው እጅ ቢወድቅ እኮ፣ ለስኖት ቁጭ ይል ነበር።»