ፊትን እንደ ፀጉር

በየሰፈሩ ሳትማር የተመረቀች አንዲት ሴት አትጠፋም። ጨጓራው ለነደደ ታዛለች፣ ትዳሩ ለተናጋ ትመክራለች፤ "ምንም አትሆኚም፣ እኔ አለሁ አይደል!" ካለች አለቀ። የዚህ ሰፈር "ክብርት ዶክተር" ሙያቸው ፀጉር ሥራ ነው። ማዕረጉን ደንበኞቻቸው ለቀልድ ሰጧቸው፣ እሳቸው ግን የምር ተቀበሉት።

አንዷን ደንበኛ ራስ ምታት ይዟት ብትመጣ የፀጉር መጠቅለያውን ቢጉዲን አጥብቀው ጠቅልለው "አወጣሁልሽ" ብለዋታል። የሌላዋን ቅንድብ "ሲበቅል ይወፍራል" ብለው ላጩት፤ ሴትየዋ እስከ ዛሬ በእርሳስ እየሳለች ነው የምትወጣው። አንዲት ነርስ ስለ ደም ግፊት ልታርማቸው ስትሞክር የሚጮኸው ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ከተቷትና ንግግራቸውን ቀጠሉ።

ታናሽ እህታቸው ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ጉንጯ ላይ የብጉር ጠባሳ ነበራት። እሳቸው ፀጉር ቤት ደግሞ አዲስ ማሽን ገባ፤ ጥቃቅን መርፌዎቹ ቆዳ ውስጥ ገብተው በሬዲዮ ሞገድ ያሞቃሉ፣ ጠባሳም ያለሰልሳሉ ይባላል። በሐኪም እጅ ይረዳ ይሆናል። ክብርትነታቸው ግን ሥልጠናውን የጨረሱት ፀጉር እየሠሩ፣ ከስልካቸው ላይ ነው።

"እቴቴ፣ አያቃጥልም?"

"ማደንዘዣ እቀባሻለሁ። ምንም አትሆኚም፣ እኔ አለሁ አይደል!"

ጉንጯን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው መዘኑት፣ ልክ ፀጉር እንደሚመዝኑት። ወፍራም ፀጉር መተኮሻው ፒያስትራ በደንብ ካልጋለ አይተኛም። "ቆዳሽ ወፍራም ነው" አሉና ሙቀቱን ጨመሩት። ፀጉር ሲያርር ይሸታል፤ ከቆዳ ሥር የሚያርር ነገር ግን አይሸትም። "በቃ!" ብላ ልትጮህ የምትችለዋ ደግሞ ደንዝዛለች።

ቁስሉ ዳነ። ጥቁር ነጠብጣቡ ግን ተሰልፎ ቀረ፣ ግራ ጉንጯም ወደ ውስጥ ገባ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጨዋ ሰው ነው፤ "ለጊዜው ስልክ ክፍል ብትሆኚ" አላት። ለጊዜው ከተባለ ስድስት ወር ሆነው። ሰው በማያያት ክፍል ተቀምጣ "እንኳን ደህና መጡ" ስትል እህቷን ትጠላታለች፤ ከልቧ።

እህትማማቾቹ ቆዳ ሐኪም ጋ አብረው ሄዱ።

"ከሥር ያለው ስብ ቀልጧል" አለች ሐኪሟ። "ጥቁረቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ስለ ጉድጓዱ ግን ቃል አልገባም። ማነው የሠራልሽ?"

"አንድ ሌላ ከተማ ያለ…" ብላ ጀመረች ታናሽየዋ። እንደዚያ ተቃጥላም እህቷን አሳልፎ መስጠት አቃታት።

"እኔ ነኝ" አሉ ክብርትነታቸው። "ፀጉር ሠሪ ነኝ።" ማዕረጋቸውን በገዛ አፋቸው ሲያወርዱ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ዛሬ ማሽኑ ፎጣ ለብሶ ጥግ ቆሟል። ስለሱ የጠየቀች ደንበኛ ወዮላት። "ያቃጥላል! ጠባሳ ያመጣል! ነርቭ ይነካል! ሂጂ ቆዳ ሐኪም ጠይቂ! የእህቴን ጉንጭ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?" አሁንም ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ታናሽየዋ ይቅር አላለቻቸውም። ግን በየቅዳሜው ትመጣለች፤ እሳቸውም ፀጉሯን ጉንጯ ላይ እንዲወድቅ አድርገው ይቆርጡላታል። ባለፈው፣ መቀሱን እንደያዙ "ምንም አት…" ብለው ቀጥ አሉ።

"ጨርሺው እንጂ፣ እቴቴ" አለቻቸው በመስታወቱ እያየቻቸው።

"እኔ አለሁ" አሉ፣ ሌላውን ትተው።

"ፀጉሬ ላይ ብቻ" አለችና ጭንቅላቷን ሰጠቻቸው።